ከጻድቃኔ ማርያም መልስ

ዛሬ ጾሙ ተፈትቶ ማታ ደብረ ብርሃን ገባን። ልብሴ ገና ጭስ ጭስ ይላል። የሰንበት ትምህርት ቤታችንን ልጆች ይዘን ፍልሰታን፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ፣ ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ነበርን።

ስለ አንዱ ልጅ ልንገራችሁ። ስሙ ይቅር። 17 ዓመቱ ነው። ጫት ይቅማል፣ ትምህርት አቋርጧል፣ ከአባቱ ጋር አይነጋገርም። እናቱ እያለቀሱ ነው አደራ ያሉን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ጥግ ይዞ ዋለ፣ ማንም አልተቆጣውም፣ ማንም ለምን አላለውም፣ ብቻ በአራተኛው ቀን አንድ አባት "ልጄ፣ እስቲ ውኃ አግዘኝ" አሉትና በዚያ ጉምና ጭቃ ጀሪካን ተሸክሞ ተከተላቸው። በማግስቱ ሳይጠሩት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ ንፍሮ የሚያድለው እሱ ሆነ። ለራሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚዘግነው።

ጸሎቱና ጸበሉ ትልቁን ሥራ እንደሠራ አምናለሁ። ግን ከስልክና ከሰፈር ጓደኛ መራቁ፣ በሰዓቱ መተኛቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እሱን የሚፈልግ ሰው ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ቤት እኮ የሚሰማው ስድብ ብቻ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሁሉን አይፈታም። ያ ሰፈር፣ ያ ጫት ቤት እዚያው አለ። ስለዚህ እሁድ ቤቱ ሄደን እንጠይቀዋለን፣ በየሳምንቱም እንቀጥላለን።

መናኸሪያ ስንወርድ አባቱ ዝናብ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ምንም አልተባባሉም። ሻንጣውን ተቀበሉትና አብረው ሄዱ።