ኔጌቲቭ ሰባት ያስተማረኝ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። መብራት ሲጠፋ የላፕቶፔ ባትሪ አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ለትንሿ የፕሮግራም ቋንቋዬ የሠራሁትን ኮምፓይለር (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው መመሪያ የሚተረጉም ፕሮግራም) ፕሮግራሞቼ እንዲፈጥኑ የማሻሽልበትን ዕቅድ የጻፍኩት በሻማ፣ ደብተር ላይ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ቋሚ ቁጥሮችን ቀድሞ ማስላት ነው። ፕሮግራሙ ላይ 60 × 60 × 24 ተብሎ ከተጻፈ ኮምፓይለሩ ራሱ አባዝቶ 86400 ብሎ ያስቀምጣል። በአንድ ምሽት አለቀ። የልብ ልብ ሰጠኝ።

ቀጥሎ ማካፈል። ለፕሮሰሰር ማካፈል ከባድ ሥራ ነው፤ ለ2 ሲሆን ግን ቢቶቹን (ቁጥሩ የተጻፈባቸውን 0ዎችና 1ዎች) አንድ ቦታ ወደ ቀኝ መግፋት ይበቃል። 14 ሰጠሁት፣ 7 አለኝ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከሳምንት በኋላ ወጪና ገቢ የማሰላባት ፕሮግራም የተሳሳተ ውጤት አመጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግኩ። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የገባኝ። −7 ለ2 ሲካፈል ድሮ −3 ይል የነበረው አሁን −4 ይላል! መልሱ −3.5 ነው። በእኔ ቋንቋ ማካፈል ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጦ ይጥላል፤ ቢት መግፋት ግን ሁልጊዜ ወደ ታች ያወርዳል። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ከሆነ ከመግፋቱ በፊት 1 መደመር ነው መፍትሔው፤ −7 መጀመሪያ −6 ይሆናል፣ ሲገፋ −3።

ከዚያ ወዲህ ቴስቱን (ውጤቱ ትክክል መሆኑን የሚፈትሽ ኮድ) ሳልጽፍ ኮዱን አልነካም። 0፣ −1፣ ትልቁና ትንሹ ቁጥር የግድ ይገባሉ። ያንኑ ፕሮግራም በማሻሻያውና ያለማሻሻያው አሠርቼ ውጤቱን አስተያያለሁ።

ዕቅዱ ላይ ሦስተኛ የጻፍኩት ሉፕን (ተደጋግሞ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ማሻሻል ነበር። ጊዜውን ስለካው ግን ፍጥነቱን የሚበላው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ኮምፓይለሬ እያንዳንዱን ተለዋዋጭ ሜሞሪ ላይ አስቀምጦ እንደገና ያነባል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የነበረውን የሬጂስተር ድልድል፣ ማለትም ተለዋዋጮችን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉት ጥቂት ፈጣን ማስቀመጫዎች (ሬጂስተሮች) ማከፋፈልን፣ ወደ ፊት አመጣሁት። የግራፍ ቀለም ቅብ የሚባለው የ1981ዱ ዘዴ ለእኔ ከበደኝ። በ1999 የታተመውን ሊኒየር ስካን መረጥኩ። ተለዋዋጮቹን በመነሻቸው ቅደም ተከተል ያያል፤ ሬጂስተር ሲያልቅ ለረጅም ጊዜ የሚቆየውን ወደ ሜሞሪ ይሰደዋል። ፕሮግራሞቼ ከሁሉም በላይ የፈጠኑት በዚህ ነው።

አሁን ሉፕ ላይ ነኝ። በየዙሩ የማይለወጥ ስሌትን ከሉፑ በፊት ማውጣት እፈልጋለሁ። ስሌቱ ማካፈል ከሆነ ግን ያሰጋል፤ አካፋዩ 0 ሆኖ ሉፑ አንድም ጊዜ ካልዞረ ያልነበረ ስህተት እኔው እፈጥራለሁ። ቴስቱን ትናንት ማታ ጽፌዋለሁ። ኮዱ ገና ነው።