ጎማዬን አልሰጠሁትም

እሁድ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐዋሳ

እግሬን ሞቅ ባለ የጨው ውሃ ዘፍዝፌ ነው ይህን የምጽፈው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የወንድሜ ልጅ ሳሎን ተቀምጧል፤ አኩርፎኛል። እውነቱን ለመናገር ማኩረፉ ልክ ነው። ግን እስካሁን ልክ ነህ አላልኩትም።

የነገሩ መነሻ የፈረንሳዩ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስ ነው። ክረምት ሲገባ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ኳስ የለም ብሎ ያዛጋል። እኔ ግን ወሩን ሙሉ ስልኬ ላይ ተተክዬ ነው የማመሸው። ሥራዬ አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ሒሳብ መያዝ ነው። ቀኑን በበቆሎና በጤፍ ኩንታል ገቢ ወጪ ስደምር እውላለሁ። 12 ሰዓት ግድም መጋዘኑ ሲዘጋ፣ ፈረንሳይ ውስጥ የዕለቱ ውድድር ሊያልቅ ሲል እደርሳለሁ። እዚያም ሰዎች ይደምራሉ። መሰለኝ የወደድኩት ለዚህ ነው።

ኳስ ላይ ዛሬ አምስት ቢገባብህ የሚቀጥለው ጨዋታ ባዶ ለባዶ ይጀመራል። ብስክሌት ላይ ምሕረት የለም። ውድድሩ 21 ቀን ይጋለባል፤ መሐል ላይ ሁለት ቀን ዕረፍት አለ። ዘንድሮ መንገዱ ከ3,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የየቀኑ ሰዓት ይያዝና ባለፈው ላይ ይደመራል። ሰኞ ያባከንካት 20 ሰከንድ ከሁለት ሳምንት በኋላም መዝገብህ ላይ ናት፤ እንደ ዱቤ። በድምሩ ትንሹን ሰዓት የያዘ ቢጫ ማሊያ ይለብሳል። (ማሊያ የምንለው ቃል ራሱ ከጣሊያን የመጣ ነው። እነሱ ጂሮ የሚሉትን የራሳቸውን የብስክሌት ውድድር መሪ ሮዝ ያለብሱታል።)

ብስክሌቴን የሚጠግኑልኝ ጋሼ ይሄ አይዋጥላቸውም። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ሱቅ አላቸው። ጎማ ይለጥፋሉ፣ ፍሬን ያስተካክላሉ፣ ለልጆች በሰዓት ያከራያሉ። «ቀድሞ የገባ ነው ያሸነፈ» ይላሉ። «ሌላው የነጋዴ ወሬ ነው።»

ክሪስ ፍሩም በ2017 እ.ኤ.አ. አንድም ቀን አንደኛ ሳይወጣ ጠቅላላውን አሸንፏል ስላቸው፣ ጎማውን ውሃ ውስጥ እየነከሩ አረፋ ፈለጉ እንጂ ቀና ብለው አላዩኝም። የ1989 እ.ኤ.አ.ውን ቱር ስነግራቸው ግን እጃቸውን አቆሙ። የመጨረሻው ቀን ነው። ሎራን ፊኞን ግሬግ ሌሞንድን በ50 ሰከንድ ይመራል። የቀረው ከቬርሳይ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር ይሮጣል። ሌሞንድ 50ዋን ሰከንድ በልቶ ስምንት ጨመረበት። ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጋልቦ ልዩነቱ ስምንት ሰከንድ!

«ስምንት?» አሉ ጋሼ። «ስምንት ሰከንድ እኮ ንፍጥ መናፈጫ ናት።»

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ቱሩ ሳወራ ዝም ብለው የሚሰሙኝ።

አምና የሆነውንም ልጻፈው፤ ደስታውን የትም አላሰፈርኩትም። ሰኔ 24 ቀን 2016 ነው፣ ሰኞ። ካፌው ውስጥ ሰው ሁሉ የፈረንሳይንና የቤልጂየምን ጨዋታ ይጠብቃል። ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ያወራል። እኔ ጥግ ይዤ ስልኬ ላይ ነኝ። ከፒያቼንዛ ቱሪን 230 ኪሎ ሜትር ተጋልቦ የመጨረሻዋ ፍጥጫ ላይ ቢኒያም ግርማይ ከመሐል ብቅ አለ። የአስመራው ልጅ አንደኛ! በቱር ደ ፍራንስ የአንድ ቀን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ። ሳላስበው ጮህኩ። ቡና የሚያፈሉት እናት ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ እልል አሉ። በዚያው ቱር ሁለት ቀን ደግሞ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ይዞ ገባ። አረንጓዴው የሰዓት ሳይሆን የነጥብ ነው።

ሰው ሁሉ ቢኒያምን ሲያወራ እኔን ደግሞ ሌላ ነገር ገረመኝ። በዚያው ምሽት አራት ሰዎች፣ ፖጋቻር፣ ኤቨኔፑል፣ ቪንጌጎርና ካራፓዝ፣ ድምራቸው እስከ ሰከንዷ እኩል ነበር። ታዲያ ቢጫው ለማን ይሰጥ? በየቀኑ የገቡበት ተራ ቁጥር ተደመረ፤ ካራፓዝ ትንሹን ይዞ ተገኘ። ኢኳዶር በታሪኳ የመጀመሪያዋን ቢጫ ማሊያ ያገኘችው እንዲህ በደብተር ሥራ ነው። አለቃዬ ይህን ቢያይ ደመወዝ ይጨምርልኝ ነበር።

ዘንድሮ ለቢኒያም አልቀናውም። የመጀመሪያው ቀን ሊል ከተማ ላይ ሁለተኛ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ነው። አሁን ተስፋዬ መስከረም ላይ ነው። የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ይመጣል፣ ኪጋሊ።

ወደ ኩርፊያው ልመለስ።

ይህ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። ለትምህርት ብሎ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። እሱን የያዘው አሸናፊው ሳይሆን አሽከሩ ነው። አሽከር ስል የራሴን ቃል አይደለም፤ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው «ዶሜስቲክ» ይሏቸዋል፤ የቤት አገልጋይ እንደማለት። አንድ ቡድን ስምንት ጋላቢ አለው። ለራሱ የሚጋልበው ግን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። የቀሩት ነፋስ ይመክቱለታል። ከፊትህ ሰው ካለ አየሩን እሱ ይሰነጥቅልሃል፤ የኋላው ሲሶ ያህል ጉልበት ይተርፈዋል። ከቡድኑ መኪና የውሃ ኮዳ ተቀብለው ማሊያቸው ውስጥ ይጠቀጥቁና፣ ጀርባቸው አብጦ፣ ዳገቱን ወጥተው ያድላሉ። የእኛው ፅጋቡ ግርማይም በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲገባ ሥራው ይሄው ነበር። የቡድን ጓደኛው ደቡብ አፍሪካዊው ማይንትየስ ያን ዓመት ስምንተኛ ወጣ። ሰው ስምንተኛውን ያስታውሳል። ውሃ ያቀበለውን ማን ይቆጥራል?

ዓርብ ማታ ሽሮ እየበላን የረኔ ቪዬቶን ነገርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አፌን ብይዝ ኖሮ ዛሬ ሰላም ነበርን። ዘመኑ 1934 እ.ኤ.አ. ነው። ቪዬቶ የ20 ዓመት ልጅ፣ ተራራ ላይ የሚደርስበት የለም። ፒሬኔ ተራሮች ላይ የቡድኑ መሪ ማኝ ጎማው ተበላሸ። ቪዬቶ የራሱን የፊት ጎማ ነቅሎ ሰጠው። ማኝ ሄደ። ልጁ መለዋወጫ እስኪመጣለት የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ፎቶው እስከ ዛሬ አለ። በማግስቱም ወደ ኋላ ዞሮ ተመልሶ ብስክሌቱን እንዳለ ሰጠው። ውድድሩን ማኝ አሸነፈ።

እንባ እየተናነቀኝ ነው ያወራሁት። ልጁም ማንኪያውን አስቀምጦ ነው የሰማኝ። «አክስቴ፣ አንቺ ብትሆኚ ትሰጪ ነበር?» አለኝ። «እንዴታ!» አልኩት። ይቺ «እንዴታ» ናት ያጋለጠችኝ።

ቅዳሜ የራሳችንን ቱር ጀመርን። ሁለት ዙር። አንደኛው ከሐዋሳ ሻሸመኔ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። እህቴ ቤት ማደር። ሁለተኛው እሁድ መልስ። ሰዓት ያዥዋ እኔ፣ ደብተሩም የእኔ። ሲሄዱ መንገዱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ መኪና ውስጥ ሆነህ አታውቀውም፤ ፔዳል ላይ ግን ጭንህ ይነግርሃል። ልጁ ጥቁር ውሃን እንዳለፍን ጥሎኝ ሄደ። አንድ ባጃጅ ቀስ ብሎ «እናቴ፣ ልጫንሽ?» አለኝ። በ1904 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት በሙሉ ተሰርዘዋል፤ ያን ዓመት ባቡር ተሳፈሩ የሚል ክስ የበዛበት ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ባጃጁን እምቢ አልኩት፤ ግን አየሁት፣ ደህና አድርጌ አየሁት።

እሱ በ1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገባ፣ እኔ በ1 ሰዓት ከ33። ስምንት ደቂቃ። ማታ ስልኬ ላይ የቱሩን የፒሬኔ ተራራ ውድድር እያየን ኤቨኔፑል አቋርጦ ከብስክሌቱ ሲወርድ ልጁ «አንቺም ነገ ታቋርጫለሽ» ብሎ ሳቀብኝ።

ዛሬ ጠዋት መንገዱ ቁልቁል ነው። እኔም ብልጥ ሆንኩ። ከሻሸመኔ ስንወጣ ጀምሮ ከኋላ ጎማው ክንድ በማታክል ርቀት ተለጠፍኩ። የአየሩን ልዩነት በገዛ ፊቴ አየሁት፤ እሱ ሲያለከልክ እኔ መዝሙር እያንጎራጎርኩ ነበር። ለሐምሌ ገብርኤል የሚመጣው እንግዳ ካሁኑ መግባት ጀምሯል፤ ሚኒባሱና አይሱዙው ጥሩምባውን እየነፋ ያልፈናል። ከአይሱዙ ኋላ ተንጠልጥለው የሚጎተቱ ልጆችም አየሁ። ቱሩ ላይ መኪና መያዝ ያስቀጣል፤ እዚህ ነፍስ ያስከፍላል።

ጥቁር ውሃ ልንደርስ ስንል የልጁ የፊት ጎማ ፍስስ አለ። ምስማር ነው። ቆምን። ጎማውን አየ፣ እኔን አየ።

«ቪዬቶ» አለኝ እየሳቀ። «በይ ጎማሽን ስጪኝ።»

ሳቁ ግማሹ ነው ቀልድ። ሌላው ግማሽ እየጠበቀ ነበር። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም። ስምንት ደቂቃዋ ዓይኔ ላይ መጣች። «የእኔ መጠኑ ላንተ አይገጥምም» አልኩት። ይህን ስል ከብስክሌቴ እንኳ አልወረድኩም። «ደግሞም አንድ ቡድን አይደለንም፤ ጎሚስታ እዚያው ፊት ለፊት ነው» ብዬ ጨመርኩ። ሄድኩ። 25 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ ማለት ይቻላል ነፋስ የመከተልኝን ልጅ አስፋልት ዳር ጥዬ ሄድኩ። የሚያሳፍረው ደግሞ፣ የቀረውን መንገድ ፈጥኜ ነው የጋለብኩት።

58 ደቂቃ። እሱ በ1 ሰዓት ከ15 ገባ፤ እጁ በግራሶ ጠቁሯል። ጎማ ሲፈነዳ ሰዓት አይቆምም፣ ሕጉ ነው። ደመርኩ። እኔ 2 ሰዓት ከ31፣ እሱ 2 ሰዓት ከ40። በዘጠኝ ደቂቃ አሸነፍኩ። ደብተሩን ሳሳየው «ድምሩ ልክ ነው» ብሎ ገብቶ ተኛ። ድምሩ ልክ ነው! በሕይወቴ እንዲህ የጎመዘዘኝ ትክክለኛ ሒሳብ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ብስክሌት እየገፋሁ ጋሼ ጋ ወሰድኩ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ የጎማው መጠን ስላልገጠመ እንደሆነም አስረዳሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አወረዱና የእኔን ጎማ ጎንበስ ብለው አነበቡ፤ ከዚያ የእሱን።

«26» አሉ። «26።»

ዝም አልኩ። «በደብል ቁልፍ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር» ብለው ጨመሩልኝ። ሒሳብ ያዥ ነኝ እኮ። ኩንታል ሳልመዝን ፈርሜ አላውቅም።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ስልኩን ሳሎን አስደግፌ ከፈትኩ፤ እንደለመደው መጥቶ ከጎኔ እንዲቀመጥ ብዬ። መጣ፣ ግን ሌላኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ካርካሶን ላይ ቲም ዌለንስ ብቻውን ገባ። ዌለንስ የፖጋቻር ውሃ አቀባይ ነው፤ ነፋስ መካቹ። ጌታው በድምር ቪንጌጎርን ከአራት ደቂቃ በላይ እየመራ ስለሆነ ዛሬ አሽከሩ ለራሱ እንዲጋልብ ተለቀቀለት። ልጁ ትንሽ ፈገግ አለ። «አየሽ» አለኝ። ሌላ አላለም።

የ26ቱን ነገር ልንገረው አልኩና አፌ ላይ ቀረ። ከዚያ ነገርኩት። ብዙ ቆየ። «አውቄ ነበር» አለኝ። «እኔ ነኝ እኮ ባለፈው ጎማሽን የቀየርኩልሽ።»

ሦስተኛ ዙር ይጨመር ብሏል። ቅዳሜ፣ ወንዶ ገነት፣ የዳገቱን መንገድ። ሰዓት የሚይዙት ጋሼ ይሆናሉ። ደብተሩንም ከእጄ ወስዶታል።