የግሉኮስ ሴንሰር ማስታወሻ፦ የውጭ ሽፋኑ ጣጣ

ከቆዳ ሥር ስኳር ለመለካት በታሰበው ዓይነት ሴንሰር ላይ የግሉኮስና የከረንት መስመሩ በመጨረሻ ቀጥ አለ። ከ2 እስከ 20 ሚሊሞል በሊትር ድረስ ግሉኮሱ በጨመረ ቁጥር ከረንቱም እኩል ይጨምራል፤ የፊተኛው ዙር ሴንሰሮች ግን 8 ላይ ሲደርሱ ጎብጠው ይቀሩ ነበር። ለውጡን ያመጣው የውጭ ሽፋኑ ብቻ ስለሆነ ሌላውን ቶሎ ልለፈው።

ኢንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር የማጣመሩን ሐሳብ ተመራማሪዎቹ ክላርክና ላየንስ እ.ኤ.አ. በ1962 አቅርበውታል። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ግሉኮስንና ኦክስጅንን ተጠቅሞ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል፤ ፕላቲነሙ በ0.6 ቮልት ገደማ ፐርኦክሳይዱን ወደ ከረንት ይለውጣል። ሽቦው 0.18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ቴፍሎን የለበሰና 1 ሚሊሜትር ያህል የተላጠ ፕላቲነም-ኢሪዲየም ነው። ማጣቀሻው ኤሌክትሮድ የብር ክሎራይድ የለበሰ የብር ሽቦ ነው። ኢንዛይሙን አልቡሚን ከተባለው ፕሮቲን ጋር የሚያስተሳስረው 0.5 በመቶ ግሉታራልዲሃይድ ነው። እዚህ ድረስ ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይደርሳል።

ጣጣው ኦክስጅን ነው። ከቆዳ ሥር ባለው ፈሳሽ ግሉኮሱ 5 ሚሊሞል ገደማ ሲሆን ኦክስጅኑ 0.1 እንኳ አይሞላም፤ ኢንዛይሙ ደግሞ አንዱን ከአንዱ እኩል ይፈልጋል። ግሉኮሱ እንዳሻው ከገባ ኦክስጅኑ ያልቅና ሴንሰሩ የሚለካው ስኳርን ሳይሆን የኦክስጅን እጥረትን ይሆናል። ሽፋኑ ግሉኮሱን ቆንጥሮ እያስገባ ኦክስጅኑን በነፃ ማሳለፍ አለበት።

አሁን የያዘልኝ አሠራር፦ 4 በመቶ ፖሊዩሬቴን የተባለ ፕላስቲክ፣ 98 እጅ ቴትራሃይድሮፉራንና 2 እጅ ዳይሜቲልፎርማማይድ በሆነ ማሟሟያ። ሁለተኛው ቶሎ ስለማይተን ሽፋኑ ሳይሸበሸብ እንዲደርቅ ጊዜ ይሰጠዋል። ሽቦውን ነክሮ በዝግታ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ከፈጠነ ጫፉ ላይ ጠብታ ይንጠለጠልና ሽፋኑ እዚያ ሲወፍር ጎኑ ላይ ይሳሳል። በየንብብሩ መካከል 30 ደቂቃ፣ በመጨረሻም አንድ ሙሉ ቀን ማድረቅ። አየሩ እርጥበት ከበዛበት ሥራውን ማቆም ይሻላል፤ ማሟሟያው ሲተን ሽቦው ስለሚቀዘቅዝ ውሃ ይጤዝበታል፣ ሽፋኑም ወተት ይመስላል። ወተት የመሰለ ሽፋን በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ መጣል ነው። ጥሩው በማጉያ መነጽር ሲታይ እንደ ብርጭቆ ያንጸባርቃል።

ስንት ንብብር? በቁጥር አይወሰንም፣ በፈተና ነው። 37 ዲግሪ ባለው ፎስፌት በፈር (አሲድነቱ የማይዋዥቅ ፈሳሽ) ውስጥ ግሉኮሱን 15 ሚሊሞል አድርጎ ክፍት አየር ላይ መለካት፤ ከዚያ 5 በመቶ ኦክስጅን ያለው የናይትሮጅን ድብልቅ እየነፉ እንደገና መለካት። ከረንቱ ከአሥር በመቶ በላይ ከወረደ ሽፋኑ ስስ ነው፣ አንድ ንብብር ይጨመር። ነገር ግን ውፍረቱ ሲጨምር ሲግናሉ ይደክማል፣ ምላሹም ይዘገያል፤ ወደ አዲሱ ከረንት ዘጠና በመቶ ለመድረስ ከ5 ደቂቃ በላይ ከፈጀ አልፎበታል። በክፍት ቢከር ብቻ ለክቶ ግራፍ ማሳየት፣ እኔም አድርጌዋለሁ፣ ራስን ማታለል ነው፤ ቢከሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከቆዳ ሥር ካለው በብዙ ይበልጣል።

ስለ ግሉኮሱ ራሱ አንድ ነገር። በውሃ የተበጠበጠው ግሉኮስ አንድ ሌሊት ይደር። ግሉኮስ አልፋና ቤታ የሚባሉ ሁለት ቅርጾች አሉት፤ ኢንዛይሙ የሚያውቀው ቤታውን ነው፤ ዱቄቱ በአብዛኛው አልፋ ስለሆነ ሁለቱ እስኪመጣጠኑ ሰዓታት ይፈጃል። ትኩሱን የተጠቀመ ሰው ካሊብሬሽኑ ለምን ቀስ እያለ ሽቅብ እንደሚሄድ ሲመረምር ቀኑ ይመሽበታል።

ያልተፈታው ፓራሲታሞል ነው፤ መድኃኒቱ ፕላቲነሙ ላይ ሲደርስ የራሱን ከረንት ሰጥቶ ስኳር ይመስላል። ናፊዮን (ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን) ብቻውን ይበቃል የሚለውን ምክር አልቀበለውም፤ እንዲሁ የሚረብሹትን አስኮርቤትንና (ቫይታሚን ሲ) ዩሬትን (ዩሪክ አሲድ) ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋቸዋል፣ ፓራሲታሞል ግን ቻርጅ ስለሌለው ሰተት ብሎ ያልፋል። ከኢንዛይሙ ሥር በኤሌክትሪክ አማካይነት ሽቦው ላይ የሚጋገር የፌኒሊንዳያሚን ስስ ሽፋን የተሻለ ነው፤ እኔ ጋ ግን 0.1 ሚሊሞል ሲጨመር አሁንም ግራፉ ላይ ደረጃ ይታያል።

ይህ ሁሉ የቢከር ሥራ ነው። የግሉታራልዲሃይድና የማሟሟያ ቅሪት መርዛማ ስለሆነ እንዲህ የተሠራ ሽቦ ሰው ቆዳ ውስጥ አይገባም።