የአቋሜን ሂሳብ የከፈለችው

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ!

ጤናና ደስታ እንደወትሮው እመኝላችኋለሁ። ዘንድሮ ግን ሲከነክነኝ የከረመ ነገር ስላለ እሱንም ላጫውታችሁ።

ከዓመታት በፊት ሥራ ፈት ነበርኩ። ሥራ ጠፍቶ አይደለም። የሚመጣልኝን ሁሉ "ከማምንበት ጋር አይሄድም" እያልኩ እመልስ ነበር። የአንዱ አለቃ ሐቀኛ አይደለም። ሌላው የሚሸጠው ነገር ለሰው አይጠቅምም። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። የምኖረው ደግሞ ታላቅ እህቴ ጋ ነው።

አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ የኩሽናው መብራት በርቷል። እህቴ የጫማዋን ሶል በማስቲሽ እያጣበቀች ነው። እስኪደርቅ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች። ጠዋት ለሥራ የምታደርገው እሱኑ ነው። "አልተኛህም እንዴ?" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

እኔም አልተኛሁም። አቋሙ የኔ ነው፤ ሂሳቡን የምትከፍለው ግን እሷ ናት። እንዴት እስከዚያ ቀን አልታየኝም?

ብዙም ሳልቆይ አንዱን ሥራ ያዝኩ። የምወደው አልነበረም። ለራሴ ግን አንድ መስመር አሰመርኩ፦ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ አልፈርምም። ዓመት ሳይሞላኝ አንድ ሪፖርት ላይ ያለውን ቁጥር "ትንሽ ከፍ አድርገህ ፈርም" ተባልኩ። እምቢ አልኩ። እድገቱ ቀረብኝ። ያን ጊዜ ግን ዋጋውን የከፈልኩት እኔው ነኝ፤ በሰላም ተኛሁ።

የት ላይ መላላት፣ የት ላይ መጥበቅ እንዳለብኝ ሳስብ ማንዴላ ይመጡብኛል። እ.ኤ.አ. በ1985 የአፓርታይዱ መንግሥት ኃይልን እንደ ፖለቲካ መሣሪያ አልጠቀምም ካሉ እንደሚፈታቸው ነገራቸው። ከ20 ዓመት በላይ ታስረዋል። እምቢ አሉ። መልሳቸውን ሶዌቶ ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ያነበበችው ልጃቸው ዚንዚ ናት። እኚሁ ሰው ከተፈቱ በኋላ ካሰሯቸው ሰዎች ጋር ለድርድር ተቀመጡ። ሥልጣን ለ5 ዓመት በጋራ እንዲያዝ፣ የቀድሞው መንግሥት ሠራተኞችም ከወንበራቸው እንዳይነሱ ተስማሙ። ከጓዶቻቸው መካከል የተቆጡ ነበሩ። ሁሉም ሰው እኩል ድምፅ ይኑረው በሚለው ላይ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ይበልጥ ልቤን የሚነካው የጋንዲ ታሪክ ነው። ወተት ላለመጠጣት ተስለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 በተቅማጥ በሽታ ክፉኛ ታመሙ፤ ሰውነታቸው አልቆ ሐኪሙ ያለ ወተት አይድኑም አለ። ባለቤታቸው ካስቱርባ "የፍየል ወተትስ?" አሏቸው። ሲሳሉ ያሰቡት የላምና የጎሽ ወተት ነበርና ጠጡ፤ ዳኑ። እሳቸው ግን በኋላ ሲጽፉ ሰበብ አላበዙም። የስእለቱን ቃል እንጂ መንፈሱን እንዳልጠበቁ፣ ነገሩም እንደሚጸጽታቸው በግልጽ አስፍረዋል።

እኔ የምፈራው መላላቱን አይደለም። ኑሮ ነው፤ ሰው ይላላል። የምፈራው ለላላንበት ነገር ቆንጆ ስም ማውጣታችንን ነው። አልሸሹም ዞር አሉ። መጀመሪያ "ለጊዜው ነው" እንላለን፤ ቀጥሎ "ብልህነት ነው"፤ ሲቆይ ደግሞ ትናንት እንደኛ ያስቡ የነበሩትን የዋህ እንላቸዋለን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

ይህ መልእክት ደክሟችሁ ለጥቂት ጊዜ ላረፋችሁ ነው። ልጅ ለማሳደግ ብላችሁ የማትወዱትን ሥራ ለያዛችሁም ነው። ያሰባችሁትን ሕይወት ስላልኖራችሁ ራሳችሁን ከሃዲ አትበሉ። በዝምታ የናንተን አቋም ተሸክመው ለኖሩትም በዚህ በዓል ስልክ ደውሉላቸው።

ስለዚያ ጫማ ከእህቴ ጋር እስከ ዛሬ አውርተን አናውቅም። ነገ እሷ ጋ ነኝ፤ ላነሳላት አስቤያለሁ።

መልካም በዓል!