የእማማ ባልዲ

ላቦራቶሪያችን ውስጥ «ባልዲ» የሚል ቃል ከተነሳ ሁሉም ወደኔ ዞሮ ይስቃል። ይሳቁ። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው።

ጎንደር፣ ቀሃ ወንዝ ዳር ካሉት የአትክልት ማሳዎች አፈርና ቆስጣ ልናነሳ ወጣን። ከላይ የአንድ ፋብሪካ ፍሳሽ ይገባል ተብሎ፣ ብረት ነክ ብክለት እንዳለ ልንለካ ነው። ፕላስቲክ ባልዲያችንን ባጃጅ ውስጥ ረስተን ወርደናል። ባጃጁ ሄዷል። የማሳው ባለቤት እማማ «ምን ጠፍቶ!» ብለው የውኃ ባልዲያቸውን አቀበሉኝ። የሚያብረቀርቅ፣ አዲስ የቆርቆሮ ባልዲ።

አብራን የወጣችው የአፓረንት (ለሥራ ልምምድ የመጣች) ልጅ ባልዲውን አየች፣ እኔን አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ ገላቫናይዝድ አይደለም እንዴ?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ዚንክ የተቀባ ነዋ። እኛ ደግሞ ዚንክም እንለካለን።»

አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እሷ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። «እሱን ለእኔ ተይው፣ አንቺ ላስቲኩን ያዢ» አልኳት። ያዘች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አልተናገረችም።

ከየማሳው እስከ 20 ሳንቲሜትር እየቆፈርን ባልዲው ውስጥ ደባለቅን። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ፍሳሹ ከማይደርስበት፣ ከዳገቱ አናት ወሰድን። እዚያ ጠጠር ነው፣ በደንብ አሸሁት። ባልዲው ሲቧጨር ድምፁ ይሰማኛል። እኔ ግን ስለ ምሳ አስባለሁ።

ውጤቱ መጣ። ዚንኩ ከሁሉ የበለጠው ዳገቱ ላይ! ሐላፊያችን ወረቀቱን ገለበጠው፣ መልሶ አየው። «ፋብሪካው ሽቅብ ይፈሳል እንዴ?» አለኝ። ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራለች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ያ ዝምታዋ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ፤ «ብያለሁ» ብትል ይሻለኝ ነበር።

ዚንኩን ብቻ ጥለን ሌላውን እንያዝ አልኩ። አልሆነም። የቆርቆሮ ቅቡ ራሱ እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዘኛ ብረቶች ሊኖሩበት ይችላሉ። ለቅጠላ ቅጠል ኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) የፈቀደው ካድሚየም በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነው። የምንፈልገው ነገር ይህን ያህል ትንሽ ሆኖ፣ እኔ በባልዲ ጨመርኩበት። የአፈሩ ሳምፕል በሙሉ ተጣለ። በወሩ ሐላፊያችን የሳምፕል አወሳሰድ ሥልጠና ሰጠ። የመጀመሪያው ስላይድ የኔ ፎቶ ነው፤ ባልዲውን አቅፌ ፈገግ ብያለሁ። ልጅቷ ናት ያነሳችኝ። ለሪፖርቱ ነው ብላ።

አንድ ነገር ግን ስላይዱ ላይ የለም። የዚያን ቀን ባልዲውን ስመልስ እማማ ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ቆስጣዬ ይበላል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ምን ልበል? ውጤት የለም። ማፈሬን ለመደበቅ «በደንብ ይጠቡት» አልኳቸው። እጥበት አቧራውን እንጂ ተክሉ በሥሩ የሳበውን እንደማያወጣ እያወቅኩ። ቅጠሉ ደግሞ ከቲማቲሙ ይልቅ ነው የሚያከማቸው።

እንደገና ሄድን። ፕላስቲክ ባልዲውን ልጅቷ ነች የያዘችው፣ ለማንም አልሰጥም ብላ። እማማ ውኃ ዳር ተቀምጠው ቆስጣ ያጥባሉ። ባልዲያችንን አይተው «የኔ ምን አጠፋ?» አሉ። ሳልመልስ አንድ እስር ቆስጣ አንስተው እያንጠባጠበ ዘረጉልኝ።

«እንዳልከኝ ሦስት ጊዜ እያጠብኩ ነው የምሸጠው።»

ልጅቷ ወደኔ ዞረች። እኔ ቆስጣውን ተቀበልኩ።