ቸርችልን ሽቅብ በኮርሳ ሳይክል

እሁድ ማለዳ ከለገሃር ተነስቼ የቸርችልን ዳገት ተያያዝኩት። ሜዳ ላይ ተደብቆ የሚቆይ የማርሽ ችግር እዚህ ሲደርስ አደባባይ ይወጣል።

ብሔራዊ ቴአትርን አለፍ እንዳልኩ ማርሽ ላቅልል ብዬ መቀየሪያውን ተጫንኩ። ሰንሰለቱ ከኋላ ወዳለው ትልቁ ጥርስ፣ ዳገት ወደሚያቀልለው ማርሽ፣ አልወጣም። ቀጭ ቀጭ ሲል ቆይቶ፣ በፈለገው ሰዓት ዘሎ ገባ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲገጥመው ካቻቢቴ አውጥቶ የኋላ ማርሽ ቀያሪው ላይ ያሉትን ብሎኖች ይነካካል። እባካችሁ ተዉአቸው! የእነሱ ሥራ ሰንሰለቱ ከዳርና ከዳር እንዳይወድቅ መከልከል ነው። የመሃሉ መንቀራፈፍ አይመለከታቸውም።

ወደ ትልቁ ጥርስ መውጣት ካስቸገረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከመቀየሪያው እስከ ኋላ ቀያሪው የሚሄደው ሽቦ መላላት ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ወርጄ፣ ሽቦው ቀያሪው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ያለችውን የእጅ ማስተካከያ ግማሽ ዙር ወደ ግራ አዞርኳት። ሽቦው ጠበቅ አለ። እስከ ፒያሳ ሰላም ሆነ።

ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ስወርድ ደግሞ ሰንሰለቱ ወደ ትንሹ ጥርስ አልወርድም አለ። አጥብቄው ይሆን ብዬ ትንሽ አላላሁት። ድልድዩን ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር የቀድሞው ችግር ተመለሰ። ማጥበቅም ማላላትም ካልረዳ ሽቦው በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ እየተያዘ ነው ማለት ነው። ወደ ትንሹ የሚያወርደው የቀያሪው ስፕሪንግ ብቻ ስለሆነ፣ የተያዘ ሽቦ መሳብ ያቅተዋል።

አራት ኪሎ አንድ ሳይክል ጠጋኝ ልጅ አገኘሁ። መጀመሪያ ከኋላ ቁጢጥ ብሎ ቀያሪው ተጣሞ እንደሆነ አየ። ደህና ነው። ከዚያ ሽቦውን መዞ በጣቱ ሲያብሰው ጣቱ ቡኒ ሆነ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የክረምቱን ጭቃ ጠጥቷል» አለኝ።

ሽቦውንም፣ ሽቦው የሚያልፍበትን ቱቦም ቀየረው። አዲሱን ቱቦ ሲቆርጠው አፉ ተጨፈለቀ፤ በወስፌ ከፈት አደረገው። ብዙዎች የሚዘሏት ሥራ ይቺ ናት።

«አዲስ ሽቦ ትንሽ ይለቃል፤ ከሰሞኑ ራስዎ ጠበቅ ያድርጉት» ብሎ አሰናበተኝ።

ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ የምሄደው በቤተ መንግሥቱ በኩል ስለነበር፣ ማርሾቹን አንድ በአንድ እዚያው አራት ኪሎ ፈተሽኩ። በዚያ ግንብ ጥግ ሳይክል ገልብጦ ካቻቢቴ ማውጣት የሚያዋጣ አይመስለኝም።