በፍላሹ ውስጥ ያልነበረው ፋይል

ዛሬ ለኮሌጅ ተማሪዎች የኮምፒውተር አጠቃቀም ሳስተምር፣ አንድ ተማሪ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረውን ጽሑፍ በፍላሽ ይዞ መጣና ፋይሉ አልከፈት ብሎት ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ስሙም ምልክቱም አለ፤ መጠኑን ስንመለከት ግን 2 ኪሎባይት ብቻ ሆኖ አገኘነው፤ በምልክቱ ጥግ ላይም ትንሿ ቀስት ተቀምጣለች። የገለበጠው ፋይሉን ሳይሆን ሾርትከቱን፣ ማለትም ፋይሉ ቤት ባለው ኮምፒውተር ውስጥ የት እንደተቀመጠ የሚጠቁመውን አድራሻ ነበር።

ያዘጋጀሁትን የኤክሴል ትምህርት ትቼ፣ ቀሪውን ሰዓት በሙሉ ፋይል የት እንደሚቀመጥ በማሳየት አሳለፍሁት። በስልክ ያደጉ ተማሪዎች (ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም) ፋይልን የሚያውቁት በሚከፍተው አፕ በኩል ስለሆነ፣ ፎልደር በፎልደር ውስጥ መኖሩ እንግዳ ነገር ይሆንባቸዋል። በዊንዶውስ ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሪሳይክል ቢን (የተሰረዙ ፋይሎች መልሰን ልናወጣቸው እንድንችል ወደሚቆዩበት ቦታ) እንደማይገባ ስነግራቸው ደግሞ ክፍሉ በአንዴ ጸጥ አለ፤ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ብቻ «ታዲያ ያ ሁሉ ፎቶዬ!» አለች።

ልጁ ማምሻውን ቤቱ ገብቶ ትክክለኛውን ፋይል ላከልኝ። ከማንበቤ በፊት መጠኑን አየሁ፤ 840 ኪሎባይት ነው።